ከርከዴ ነው ያልነው ደም

ማንጋ ገና ከታክሲው ሳይወርድ ነው የሰደበኝ።

«ጀልባዬ ተዘጋጅታለች ወይስ እንደ ልማዳችሁ እየበላችሁ ነው?» አለ፤ አንድ እግሩ መሬት ላይ፣ አንዱ ገና ታክሲው ውስጥ ሆኖ። ከየት እንደመጣ መጠየቅ አላስፈለገኝም። የጆላ ጎሳ ሰው ካልሆነ በቀር እኛ ሴሬሮች ደጅ ላይ ቆሞ ሰላም ሳይል የሚሳደብ ሰው የለም።

«ንጎር!» ብዬ ወደ ማድ ቤቱ ጮህኩ። «ና ውጣ፤ የጠፋው ሎሌያችን ተገኝቷል!»

ንጎር የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። እኔ እንግዶችን በካያክ፣ በጠባቡ የመቅዘፊያ ጀልባ፣ ጨው ውሃ ውስጥ በሚበቅለው የማንግሮቭ ደን መሃል አዞራለሁ፤ እሱ ምግቡን ያበስላል፣ የሞተር ጀልባዋንም ይነዳል። ማማሰያውን እንደያዘ ወጣና ማንጋን ከላይ እስከ ታች አየው። «ይሄ ነው እንዴ? ይሄማ ሩዝ ብቻ በልቶ ያበጠ ነው። ሥራ አይችልም፤ ወደመጣበት መልሺው» አለ። ማንጋ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ማንጋ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ዳካር ያሉት ልጆቹ ናቸው አዋጥተው የላኩት፤ ዕድሜ ልክህን ሰው ስታመላልስ ኖርክ፣ አሁን ደግሞ አንተን ሰው ይንዳህ ብለው። በዕድሜው አባቴ ቢሆን ነው። ጆላ ባይሆን ኖሮ አንቱ ብዬ፣ ወንበር አቅርቤ፣ ጎንበስ ብዬ ነበር የምቀበለው። ግን በጥንት ጊዜ ሁለት እህትማማቾች በአንድ ታንኳ ሲሄዱ ማዕበል ታንኳዋን ለሁለት ሰነጠቃት ይባላል። ወደ ደቡብ የተወሰደችው ጆላን ወለደች፣ ወደ ሰሜን የተወሰደችው እኛን። ከዚያ ወዲህ በተገናኘን ቁጥር ጌታው እኔ ነኝ፣ ሎሌው አንተ ነህ እየተባባልን እንሰዳደባለን። መቆጣት ነውር ነው። ቀብር ላይ እንኳ በሬሳው እንቀልዳለን። የማይቀለድበት አንድ ነገር ቢኖር ደም ነው። የአንዱ ደም በሌላው ፊት ከፈሰሰ ጨዋታው እዚያው ያበቃል።

ማንጋ ግን በዚያም ቀለደ። ካያኩን ወደ ውሃ ስገፋ፣ ለመንገድ ከያዝነው ቀይ የከርከዴ መጠጥ ጠርሙስ መዳፉ ላይ ጠብ አደረገና «ደሜ! ጣቴን! ጣቴን ቆረጠችው!» ብሎ አገር ይያዝልኝ አለ። ንጎር ሻዩን ከነማንቆርቆሪያው ጥሎ፣ በባዶ እግሩ የእንጨቱን መወጣጫ እየዘለለ መጣ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ማንጋ ቀስ ብሎ መዳፉን ላሰና «ስኳር አንሶታል» አለው።

ንጎር ሊቆጣ አይችልም፤ ሥርዓቱ ነው። ጥርሱን ነክሶ ሳቀ። የፈሰሰበት ሻይ እግሩን አቃጥሎት ነበር።

«ይሄ ምን አላት» አለው ማንጋ ካያኩ ላይ እየተደላደለ፤ «እኩለ ቀን ሳይሆን ጀልባህን እያስጓራህ መጥተህ እንደ ሙሽራ ተሸክመህ ታወጣኛለህ። በእናቴ እምልልሃለሁ።»

«ሁለተኛ ለአንተ ብሮጥ ንጎር አትበለኝ» አለ ንጎር፣ ማንቆርቆሪያውን እያነሳ።

ካያኩ ባለ ሁለት መቀመጫ ነው። ማንጋ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ጠርሙሱን በእግሮቼ መሃል አቁሜ ሄድን። ባህሩ ሞልቶ መጉደል ጀምሮ ነበር። ትልቁ ቦይ ላይ ችግር የለም፤ ሰፊ ነው። ማንጋ ግን ወደ ግራ የምትገባዋን ትንሿን ቦይ አየ። ቅርንጫፎቹ ከላይ ተቃቅፈው ጨለማ ያደርጓታል፤ የማንግሮቩ ሥሮች ከሁለት በኩል እየወጡ ያጠቧታል።

«እዚያ ውስጥ እንግባ።»

«ውሃው እየጎደለ ነው። ነገ።»

«ፈራሽ በያ። ሴሬሮች ባህር እናውቃለን የሚሉት ለካ ሲሞላ ብቻ ነው።»

ሌላ እንግዳ ቢሆን እምቢ ብዬው እመለስ ነበር። የጆላ አፍ ግን ያናድደኛል። መቅዘፊያዬን ወደ ግራ አዞርኩት። ደርሶ መልስ ጊዜ አለኝ ብዬ ነበር፤ ማንጋ ግን አንዴ ሸርጣን ሲያይ፣ አንዴ ወፍ ሲቆጥር ጊዜው ሄደ። ለመመለስ ስንዞር ካያኩ አንድ የተኛ ሥር ላይ ወጥቶ ተንጠለጠለ።

«እንዳትወርድ» አልኩት። «ሥሮቹ ላይ የተጣበቁትን ዛጎሎች ታያለህ? ምላጭ ናቸው። እኔ በመቅዘፊያ እገፋዋለሁ።»

«ጌታሽ ተቀምጦ አንቺ ልትገፊ? ኋላ ሴሬር አሻገረችኝ ተብዬ ሊዘፈንብኝ ነው?»

«ማንጋ፣ የምሬን ነው፤ እግርህን እንዳታወርድ።»

«የሴሬር ምር አለ እንዴ!» ብሎ እየሳቀ ወረደ።

ጭቃው እስከ ጉልበቱ ዋጠው። ተንሸራተተ፣ እግሩ በሥሩ ላይ ከላይ እስከ ታች ተፋቀ፣ ከዚያ ጮኸ። ውሃው ዙሪያውን ቀላ።

እኔስ ምን አደረግሁ? ሳቅሁ። «ደግሞ ጀመረህ? ከርከዴውን ደፍተህ ምን ልንጠጣ ነው!» አልኩት። ማንጋ ሥሩን ሙጭጭ አድርጎ ይዞ ያየኛል፤ አፉ ይከፈታል፣ ድምፅ ግን የለውም። ጎበዝ ተዋናይ ነው እያልኩ በልቤ ሳደንቀው፣ እግሬን የሆነ ነገር ነካው። ወደ ታች አየሁ። ጠርሙሱ በእግሮቼ መሃል እንደቆመ ነው። ክዳኑ ጥብቅ ብሏል።

እንዴት ጎትቼ ካያኩ ላይ እንዳወጣሁት አላውቅም። ባቱ ከጉልበቱ በታች ተከፍሎ ነበር፤ ደሙ ይፈሳል ከሚባል ይንቆረቆራል ቢባል ይሻላል። ሻሼን ፈትቼ ከቁስሉ በላይ አሰርኩት፤ እንጨት አስገብቼ ጠመዘዝኩት። ቀነሰ፤ አልቆመም። እንጨቱን ከለቀቅሁት ይከፈታል። እሱን ይዤ ደግሞ ካያክ መጎተት አልችልም። ከሥሩ ባላቅቀውም ውሃው ከሥራችን እየሸሸ ነው።

በአንድ እጄ ስልኩን ከላስቲኩ አውጥቼ ንጎር ጋ ደወልኩ።

«ንጎር፣ ማንጋ እግሩን ተቆርጧል። ትንሿ ቦይ ውስጥ ነን። ጀልባዋን ይዘህ አሁኑኑ ድረስ።»

ከወዲያ በኩል ሳቅ ሰማሁ። «ልሶ ጨረሰው ወይስ ለእኔም አስቀርቶልኛል?»

«ቀልድ አይደለም! ደም ነው የምልህ!»

«አንቺንም ገዛሽ በይኛ! ለጆላ አደርሽ፤ ወንድሜ ይስማ ብቻ።»

«በእናቴ አጥንት!»

«እሱም ጠዋት በእናቱ ምሏል። ተይኝ፤ ዓሣው እያረረብኝ ነው» ብሎ ዘጋው።

የቦይዋ አፍ ላይ የአሸዋ ጉብታ አለ። ውሃው ትንሽ ከጎደለ ጉብታው ይወጣል፤ ጉብታው ከወጣ ደግሞ እስኪመሽ የሞተር ጀልባ አይገባም። ፊት ለፊቴ ያለው ሥር ላይ እርጥቡና ደረቁ የሚለያይበት መስመር ቁልቁል ሲወርድ በዓይኔ አየዋለሁ። እንደገና ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ በመጨረሻ ተነሳ።

«ለእኔ ስጪኝ» አለ ማንጋ። ሰጠሁት። «አንተ ሎሌ! ጌታህ ሲጠራህ አትመጣም?»

የንጎር ሳቅ ለእኔም ተሰማኝ። ዘጋው።

«ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ!» ብዬ ጮህኩበት። «ልትሞት እኮ ነው!»

«ሌላ እንዴት ላናግረው?» አለኝ። የምሩን ነው የጠየቀኝ። ስድሳ ዓመት ሙሉ ሴሬርን በሌላ አፍ አናግሮ አያውቅም።

«ለምነው!»

«አባቴ ሴሬር ለምኖ አያውቅም። አያቴም አልለመነም።»

«እንግዲያው አባትህና አያትህ መጥተው ያውጡህ!» አልኩት። በዚያ ሁሉ ሙቀት የማንጋ ጥርስ ይንገጫገጭ ጀመር፤ ከንፈሩ ነጥቷል። ልመታው ፈለግሁ፤ ላቅፈውም ፈለግሁ።

እግሩን አየው። ከዚያ «ልጆቼ» አለ፤ «እኛ ነን የገደልነው ይላሉ። ስጦታችን ነው የገደለው እያሉ ነው የሚኖሩት።» እጁን ለስልኩ ዘረጋ።

ንጎር ሲያነሳ አፉ ሙሉ ነበር። «አሁን ደግሞ ምን አመጣህ?»

«ንጎር» አለ ማንጋ። ድምፁ ቀስ ያለ ነበር። «ጌታዬ። እኔ ሎሌህ ነኝ። አባቶችህም የአባቶቼ ጌቶች ነበሩ። እባክህ ድረስልኝ።»

እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ሴሬርም ሆነ ጆላ፣ ሰክሮም ቢሆን ይህን ሲል የሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከወዲያ በኩል የሆነ ነገር ወድቆ ተንከባለለ፤ የድስት ክዳን ይመስለኛል። ስልኩን እንኳ አልዘጋውም። በእንጨቱ መወጣጫ ላይ የሚሮጥ ባዶ እግር ሰማን፤ ከዚያ የሞተሩን ድምፅ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ አለቀስኩ።

መጠበቁ ደግሞ ከሁሉም ባሰ። የማንጋ ዓይን ክድን ክድን ይላል። እንዳይተኛብኝ የማውቀውን ስድብ ሁሉ አወረድኩበት። «አንተ ሩዝ በሊታ! ሴሬር ፊት ታንቀላፋለህ? ተነስና ተሳደብ!»

«እሺ እመቤቴ» አለኝ።

«እመቤቴ አትበለኝ!»

«እሺ እመቤቴ።»

በጥፊ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ደሙ እጄ ላይ ሞቅ ብሎ እየወረደ፣ እኔን ያስፈራኝ የሰውዬው ጨዋነት ነው። ሥሩ ላይ ያለው መስመር አሁን ጭቃው ጋ ደርሷል። ሸርጣኖቹ ከየጉድጓዳቸው እየወጡ ነው።

የሞተሩ ድምፅ ቀረበና ድንገት ቆመ። ጉብታው ያዘው ብዬ ልቤ ስንጥቅ አለ። ቀጥሎ የጭቃ ድምፅ ሰማሁ፤ ጧ፣ ጧ። ንጎር በቅርንጫፎቹ መሃል ብቅ አለ፤ እስከ ወገቡ ጭቃ ሆኖ፣ ባዶ ካያክ በገመድ እየጎተተ። አገጩ ላይ የሩዝ ፍሬ ተጣብቋል። እግሩን አየ፣ ሻሼን አየ፣ የማንጋን ፊት አየ።

«መጣሁ፣ አባቴ» አለ። «ይቅር ይበሉኝ።»

ማንጋን ባዶው ካያክ ላይ አጋድመን፣ እሱ ከፊት እየጎተተ፣ እኔ እንጨቱን ይዤ ከጎን እየዳኽሁ ጭቃውን ተሻገርን። ጀልባዋ ሆዷ አሸዋው ላይ ተቀምጦ ነበር። ንጎር ትከሻውን ሰጥቶ ገፋ፤ እኔም በጉልበቴ ገፋሁ፤ አልነቃነቅ አለች። ሦስተኛው ላይ እንደ በሬ አጓርቶ ሲገፋ ተንፏቀቀችና ውሃ ያዘች። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነርሷ ማንጋን ተቀብላ በሩን ዘጋችብን። ንጎር ደጁ ላይ ቁጭ አለ። ሌሊቱን ሙሉ ከዚያ አልተነሳም፤ ምግብ ባመጣለትም አልቀመሰም።

በማግሥቱ እኩለ ቀን ግቡ ተባልን። እኔ ሩዝና ዓሣ ይዤ ገባሁ፤ ንጎር ግን በሩ ላይ ቀረ። ማንጋ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ እግሩ በፋሻ ተጠቅልሎ ትንሽ ሕፃን አክሏል። ሲያየኝ ቀና ለማለት ሞከረ።

«ወይዘሮ ዲቦር» አለ። «ምን ብዬ እንደማመሰግንዎ አላውቅም። እግዜር ይስጥልኝ። ንጎርንም እንዲሁ። ብዙ አስቸገርኳችሁ።»

እርስዎ አለኝ። በሩ ላይ ንጎር አንገቱን ሲደፋ አየሁት። ሰውየው ተርፏል፤ ጨዋታው ግን እዚያ ጭቃ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። ሎሌ ነኝ ያለ ሰው ከእንግዲህ በምን አፉ ይሰድበናል? እኛስ በምን ልባችን እንሰድበው?

ስለዚህ እስቲ ይስደበኝ ብዬ ሳህኑን ከፍቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩና መብላት ጀመርኩ። የእሱን ምሳ፣ እፊቱ። ሩዙን በትልቁ እየጎረስኩ፣ የዓሣውን ለስላሳ ሥጋ እየመረጥኩ። አልጣመኝም። ማንጋ ያየኛል። አንድ ጊዜ እንኳ «ይብሉ፣ ይባረክልዎ» ቢል ሳህኑን ጥዬ እወጣለሁ ብዬ ወስኛለሁ። ካሮቱን በላሁ። ጎመኑን በላሁ። ሳህኑ እየጎደለ ሄደ።

እጄን ወደ መጨረሻዋ ነገር ስሰድ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጭንቅላቱን ተይው» አለ። «እሱ ለዚያ በሩ ላይ ለቆመው ሎሌዬ ነው። ትናንት ብዙ ሮጧል።»

ንጎር ገብቶ አልጋው ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ። ዓይኑን በክንዱ እየጠረገ ጭንቅላቱን እስከ አጥንቱ በላው፤ ሲጨርስም ጨው አንሶታል አለ።