ውሻዬ አይከርምም

እና ጠራሁት እንበል፣ ስሙን ከአፌ አወጣሁት እንበል፣ ከዚያ ወዲያ ይኸ ጀርባ የእኔ ነው ወይስ የአለንጋ፣ አይ ባዬ፣ አፍህን ያዝ፣ ያዝኩት፣ ውሻው ግን እዚያው ነው፣ ከጣሊያኑ ምግብ ቤት ደጅ፣ ከአንድ ጢማም የጣሊያን መኮንን ጠረጴዛ ሥር፣ ጅራቱን እየቆላ፣ እኔን ዐይቶ እንደማያውቅ፣ ከአገራችን ከኮሶዬ እንዳላደገ፣ ነጂው ዋኘው ከጭነት ማኪናው ላይ ጡሩንባውን ይነፋል፣ አያ ባዬ፣ ጭነቴን ጨርሻለሁ እኮ፣ ምነው ተገተርክ፣ መጣሁ ዋኘው፣ መጣሁ ወንድሜ፣ ውሻዬን ልጥራና፣ ታዲያ ጥራዋ፣ ማን ያዘህ፣ ይለኛል። ማን ያዘህ! ስሙ ነዋ የያዘኝ።

ስሙ አይከርምም ነው። በክፋት አላወጣሁትም፣ ቅድስት ማርያም ምስክሬ ናት፣ ቡችላ ሆኖ ሳመጣው አውራ ጣቴን ያክል ነበር፣ ኧረ ያንንም አያክል፣ ከጆሮዬ ውስጥ አስተኝቼ ነው ከገበያ ያመጣሁት፣ ሚስቴ እናኑ ዐይታ፣ ምነው አንተ፣ ይኸን ቁንጫ ከየት ለቀምከው፣ ይኸማ አይከርምም፣ አለች፣ ክረምቱም መጣ፣ የኮሶዬ ክረምት፣ ጉሙ ራሱ በርዶት ከቤት እየገባ ከምድጃው ዳር እግሩን የሚሞቅበት ክረምት፣ አልፎ ሄደ፣ ቡችላው ከእግሬ ላይ ተጠቅልሎ ከረመ፣ ስሙም እንዲያው ቀረ፣ ሸጋ ስም፣ ማንን ይከፋዋል። ከዚያ ጣሊያን መጣ፣ ጣሊያን ሲመጣ ቃሉ ሌላ ቃል ሆነ፣ ሰው ሁሉ ጉልበቱን እያከከ አይከርምም ይላል፣ ከማሳው፣ ከደጀ ሰላሙ፣ ከጠላ ቤቱ፣ ማን እንደማይከርም የሚናገር የለ፣ የሚጠይቅም የለ፣ ባንዳው ግን ሰማ፣ ዳኛው የሚሉት ጎረቤቴ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ነጭ ሽንኩርት ሊሸጥ ወጥቶ፣ እውነቱንም ነው እርጥብ ነበር፣ ቶሎ ብሉት አይከርምም ቢል ገረፉት፣ ሽንኩርቱን ነው ያልኩ፣ ሽንኩርቱን ነው እያለ ገረፉት፣ እስከ ዛሬ በሆዱ ነው የሚተኛ፣ ነጭ ሽንኩርት ባየ ቁጥር ቆሞ እጅ ይነሣል።

እና እኔ ይኸን ስም፣ ጎንደር መሀል፣ ባንዲራቸው ሥር፣ በቀን ብርሃን፣ ጮክ ብዬ።

በፉጨት እሞክራለሁ፣ ፉጨት ስም የለውም፣ ፊው፣ አንድ ዘበኛ ዞረ፣ አንድ በቅሎ ዞረች፣ ውሻዬ አልዞረም፣ ከአጠገቤ እንቁላል የምትሸጠው ሴት ዞረች፣ አንተ ሽማግሌ፣ ለማን ነው የምታፏጨው፣ ለውሻዬ ነው እመቤቴ፣ ውሻ ትለኛለህ ደግሞ! እኔ ሸዋአየሁ ነኝ፣ የምን ውሻ፣ ኧረ አንቺን አይደለም፣ ያንን ነው፣ ያን ከጣሊያኑ እግር ሥር ያለውን፣ ታዲያ በስሙ አትጠራውም፣ ስም የለውም፣ ስም የሌለው ውሻ፣ ስም የሌለው ባለቤት፣ ብላ እንቁላሏን ከእኔ አራቀች፣ እኔ የምፈለፍለው ይመስል።

አመጣጣችንስ እንዴት ያለ ነበር፣ ዋኘው ከገብስ ጆንያ ላይ አውጥቶን፣ እኔና አይከርምም እንደ ራስና እንደ ደጃዝማች፣ ማኪናው ቁልቁለቱን ሲለቀው ነፋሱ ቅንድቤን ነቅሎ ወሰደው፣ ጥላዬ ልትከተለኝ አቅቷት ቀረች፣ አሁንም ወለቃ ዳገት ላይ ቁጭ ብላ እያለከለከች ነው፣ ስመለስ አነሣታለሁ፣ ውሻዬ አፉን ከፍቶ ነፋሱን ይበላል፣ በበቅሎ ቀኑን የሚፈጀው መንገድ አንዲት ቀልድ ተናግሬ ሳልጨርስ አለቀ፣ ቀልዱን ጎንደር ገብቼ ነው የጨረስኩት፣ ለማላውቀው ሰው።

የመጣሁትም ፊቴን ለማየት ነው፣ ቁስቋም፣ ማሩ ከሚሉት ሠዓሊ ቤት፣ ባለፈው ጥምቀት ስቀልድ ዐይቶኝ፣ አያ ባዬ፣ ይኸ ፊት ለሥዕል የተፈጠረ ነው፣ በሸራ አሠፍረዋለሁ ብሎኝ፣ እኔም ለእናኑ፣ ከእንግዲህ አክብሪኝ፣ ባልሽ ከጻድቃን ጋር ሊሰቀል ነው ብያት፣ ዛሬ ደረስኩ፣ ሸራውን ገለጠው፣ ባለጸጋው ነዌ ከማዕዱ ተቀምጦ፣ ድኻው አልዓዛር ከደጁ ወድቆ፣ ነዌ እኔ! ጠግቤ የማላውቀው እኔ፣ ሌላው ሲበላ የማሥቅ እኔ፣ አፌን በጥብስ ሞልቶ፣ ከጎን ሥሎ፣ ባንድ ዐይን፣ ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዐይን እንደሚሣል፣ ከጎን ባንድ ዐይን የሚሣለው ኃጥእ እንደሆነ እኔ ያልተማርኩት እንኳ አውቃለሁ፣ ማሩ፣ ሌላው ዐይኔ የታለ፣ ከወዲያ በኩል ነው አያ ባዬ፣ ከወዲያ ምን ይሠራል፣ ሲኦልን ያይበታል። ውሻዬንስ፣ ቁጭ ብሎ ሲቁለጨለጭ ጊዜ ዛሬ እዚያው እሱንም ሣለው፣ የአልዓዛርን ቁስል ከሚልሱት ውሾች ጋር፣ ፊት ለፊት፣ ሁለት ዐይኑን እንደ ብርሌ አፍጥጦ። ውሻው ጸደቀ፣ ጌታው ተኮነነ፣ እናኑ ይኸን ከሰማች ማዕዱን ለእሱ ታቀርብና እኔን ከደጅ ታስተኛኛለች።

ይኸው ጻድቁ፣ ሱጎ ሲሸተው ጽድቁን ጥሎ ገባ። ያ ደግሞ ምንድን ነው የሚበላው፣ ጣሊያኑ በሹካ ያነሣል፣ ነጭ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ይንጠለጠላል፣ የእግዚአብሔር ያለህ፣ ኮሶ ነው፣ የሆድ ኮሶ፣ እኛ መራራውን ጠጥተን ከጫካ ተደብቀን የምናወጣውን ይኸ ሰውዬ በሹካ እየጠቀለለ፣ እያጣጣመ ያስገባዋል፣ ፓስታ ነው አለችኝ ሸዋአየሁ፣ ከዱቄት ነው የሚሠሩት፣ ይሁና፣ ግን እንዲህ አስመስሎ መሥራት ምን ይሉታል፣ አንዱን ጣለለት፣ ውሻዬ ሽልፕ፣ ሌላ፣ ሽልፕ፣ አፍንጫው ቀላ፣ ጣሊያኑ ሣቀ፣ ራሱን ደባበሰው፣ ኧረ አትደባብሰው፣ ከጆሮው ኋላ ነካው፣ ያችን ቦታ እኔ ብቻ ነበርኩ የማውቃት።

ሰው ሳይሥቅልኝ ሲቀር፣ ይቀራል አንዳንዴ፣ ለቅሶ ቤት ቀልጄ ያባረሩኝ ቀን እንኳ፣ ይኸ ውሻ ነው ጅራቱን የሚቆላልኝ፣ ያለእሱ ኮሶዬ ገብቼ ለማን ልናገር፣ እናኑን ምን ልበላት፣ አይከርምም ያለችው እሷ፣ አሁን ከእኔ አስቀድማ የምታጎርሰውም እሷ።

ጡሩንባ። አያ ባዬ! ጥዬህ መሄዴ ነው!

ብልሃት መጣችልኝ፣ ስሙን ልገልብጠው፣ ይከርማል! አልኩ ጮክ ብዬ፣ ይከርማል፣ ና! ይከርማል! ውሻዬ ጆሮውም አልተነሣ፣ መንገደኛው ግን ሁሉ ዞረ፣ አንድ ቄስ ጥላቸውን አጥፈው አፈጠጡብኝ፣ ሸዋአየሁ ምራቋን እንትፍ፣ ምነው አንተ ሽበታም፣ ለጣሊያን ዕድሜ ትለምናለህ፣ ባንዳ፣ ኧረ ውሻዬን ነው፣ ቅድም ስም የለውም ብለህ አልነበር፣ ይኸው አሁን ባንዳ ሆንኩ፣ በአንዲት ቃል፣ ባንዱ ወገን ቃሉን ብጠራ አለንጋ፣ በሌላው ብጠራ ምራቅ።

ጣሊያኑ ሰምቶኛል፣ በጣቱ ይጠራኛል፣ ከአጠገቡ አስተርጓሚው ቆሟል፣ ፋንታሁን ይሉታል፣ የሳንጃ ሰው፣ ቦርሳ ካንገቱ አንጠልጥሎ፣ ና ወዲህ ሰውዬ፣ ያንተ ነው ወይ ይልሃል፣ የእኔ ነው ጌታው፣ ያንተ ከሆነ ሲጠራ ምነው አልመጣ፣ ስትጠራው ሰምተናል፣ ስለዚህ እወስደዋለሁ ይላል፣ ወዶታል፣ ኧረ ትክክለኛ ስሙ ያ አይደለም ጌታው፣ ታዲያ ማነው፣ ጠጋ በልልኝ፣ ከጆሮው ነገርኩት፣ በትንፋሼ ብቻ፣ የፋንታሁን ፊት እንደ አመድ ሆነ፣ አንተ፣ አብደሃል፣ ልታስገርፈኝ ነው፣ ሚስቴ ናት ያወጣችው ወንድሜ፣ ሚስትህን ይግደላት፣ ጣሊያኑ ጠረጴዛውን መታ፣ ምን አለ፣ ምን አለ ማለቱ መሆን አለበት፣ ፋንታሁን ላቡን ጠርጎ የሆነ ነገር ተናገረ፣ የጣሊያኑ ጢም እንደ ጎህ በራ፣ ምን አልከው ጌታው፣ ዝም በል፣ ዕድሜው ይርዘም ማለት ነው አልኩት።

አይኬርሚሚ! አለ ጣሊያኑ።

በቅሎዋ እንኳ ማኘኳን አቆመች። አይኬርሚሚ! ሞሶሎኒን እንደሚጠራ ደረቱን ነፍቶ፣ ሸዋአየሁ ነጠላዋን አፏ ላይ፣ ውሻዬ ግን ዞሮም አላየው፣ የማን አፍ ነው ይኸ ብሎ፣ ጣሊያኑ ተነሣ፣ የአፍ መጥረጊያ ጨርቁን ካንገቱ ነቀለ፣ ከወዲያ ማዶ ሄዶ ቆመ፣ ለፋንታሁን ነገረው፣ ፋንታሁንም እያዘነ፣ እንዲህ ይላል፣ እኔ የሰው ውሻ አልዘርፍም፣ አንተ ከዚህ ቁም፣ እሱ ከዚያ፣ ሁለታችሁም ጥሩት፣ የሄደበት ይወስደዋል፣ እንጥራው? ጥሩት፣ በስሙ? በስሙ፣ ጮክ ብለን? ምን ላድርግህ፣ ጮክ ብላችሁ፣ ፋንታሁን ሆይ፣ ያዘዘው እሱ ነው፣ አንተ ምስክር ነህ።

አይኬርሚሚ! ይላል ጣሊያኑ፣ ፓስታውን በእጁ አንጠልጥሎ፣ ሸዋአየሁ አላስቻላትም፣ እንዲህ አይደለም ጌታዬ፣ አጥብቀው፣ አይ፣ ከር፣ ምም፣ አይከርሚም፣ ጎሽ፣ ተቃረብክ፣ አይከርምም! ይኸው! አይከርምም! ከእንጨት ተራው አንዱ፣ ለጌታው ላግዛቸው ብሎ፣ አይከርምም! ሌላው፣ እኔ ለሽማግሌው ነው የምጠራለት፣ አይከርምም! ቄሱ በግማሽ ዜማ፣ አይከርምምምም! ለሚካኤል እያለ የሚለምነው ዐይነ ስውር ለሚካኤል ማለቱን ትቶ አይከርምም! ሴቶች፣ አህያ ነጂዎች፣ ሸማኔው ከነመወርወሪያው፣ ጎንደር ሁሉ፣ የፋሲል ግንብ ርግቦች በሙሉ ብድግ፣ ድምፁ ሰሜን ተራራ ገጭ ብሎ ሲመለስ አብሮት ጭላዳ ሁሉ እየጮኸ፣ አይከርምም! አይከርምም! ዘበኞቹ መኮንናቸው ሲጮህ ዐይተው እነሱም ጮኹ፣ ምን ያድርጉ።

ውሻዬ ከመሀል ተቀምጧል። ወዲህ ያያል፣ ወዲያ ያያል፣ ስሙ ከዚህ ሁሉ አፍ ሲወጣ ሰምቶ አያውቅ፣ አፍንጫው ቀልቶ፣ ወደ ፓስታው አንድ እግሩን አነሣ፣ ጥራው ባዬ፣ አሁን ጥራው፣ አፌን ከፈትኩ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ውጬ የያዝኩት ቃል ሊወጣ ከጉሮሮዬ ደረሰ፣ ከጣሊያኑ ጋር ዐይን ለዐይን ገጠምን፣ ፊቱ በርበሬ መስሎ፣ ከልቡ፣ በሙሉ ልቡ፣ አይከርምም! አለኝ፣ ቃሉ ከጉሮሮዬ ተመለሰና ሣቅ መጣ፣ የማይጠራ፣ የማይያዝ፣ ከወገቤ የሚሰብረኝ ሣቅ፣ እንባዬ ወረደ፣ ከመንገዱ መሀል ቁጭ፣ ጠፋ ውሻዬ፣ ሄደ፣ አልጠራሁትም፣ እየሣቅኩ ነው የማለቅሰው ወይስ፣ እንጃ።

እርጥብ ነገር ጉንጬን ነካኝ። ሱጎ ሱጎ ይሸታል።

ያ ሁሉ ሰው ሲጠራው፣ ወዳልጠራሁት ወደ እኔ መጣ፣ ሣቄን አውቆ፣ ከጭኔ ላይ ወጥቶ እንባዬን ይልሰኛል፣ ጣሊያኑ እጁን ዘርግቶ ቆመ፣ ትከሻውን ነቀነቀ፣ ከዚያ እሱም ሣቀ፣ የተንጠለጠለችውን ፓስታ ራሱ በላት፣ እኔ ውሻዬን አቅፌ ሩጫ፣ የገብስ ጆንያው በወረደበት፣ በተጫነው የሣር ክምር ላይ፣ ንዳው ዋኘው፣ ምነው የምን ጩኸት ነው አያ ባዬ፣ ንዳው ብቻ፣ መንገድ ላይ እነግርሃለሁ።

ማኪናው ተነሣ። ከኋላችን ፋንታሁን መሀል መንገድ ላይ እጁን እያራገበ፣ በቃ! ውሻው ተገኝቷል፣ ምነው አትተዉም! ሸዋአየሁ ደግሞ፣ ተመልሶ እንዳይጠፋባቸው ብለን ነው ጌታው፣ አይከርምም! አይከርምም! እየቆየ እየበዛ፣ ከቤቱ እየወጣ የሚጨመር ሰው፣ ውሻ ያላየው ሁሉ፣ ድምፁ ዳገቱን እየወጣ ይከተለናል፣ የውሻዬ ጆሮ ቀጥ አለ፣ ሊዘል ቃጣ፣ አፉን ያዝኩት፣ ዝም በል ልጄ፣ ተኛ፣ አንተን አይደለም የሚጠሩት።