የአሻንጉሊቱ ደረት

አያለቅስም፣ ለምን አያለቅስም፣ ወጥቷል፣ ሙሉ ልጅ ነው፣ ወንድ ነው፣ እጄ ላይ ነው፣ ግን እንደ እርጥብ ጨርቅ ተልፈስፍሷል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ መጂዳ ከማዋለጃው አልጋ ላይ አንገቷን ቀና አድርጋ ምነው ዝም አለ ትላለች፣ ጠዋት ልብስ ከምትሸጥበት ሱቋ በባጃጅ የመጣች፣ ስታምጥ እንኳ ስትቀልድ የነበረች ሴት፣ ምን ልበላት፣ ቆይ መጂዳ፣ ቆይ እህቴ፣ እያየሁት ነው። እያየሁት ነው። ማየት ምን ያደርጋል።

ማድረቅ። መጀመሪያ ማድረቅ። ጎንደር ስንሠለጥን አሠልጣኛችን ባህሩ፣ ያ ቀጭን፣ ድምፁ የማይወጣ ሰውዬ፣ ሕፃኑ እንደተወለደ በንጹሕና በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፣ እርጥቡ ጨርቅ ይወገዳል፣ ሕፃኑ እንዲሞቅ ይደረጋል ሲል እኔ ኋላ ተቀምጬ መተማ ብትመጣ ሙቀት ታይ ነበር እያልኩ በሆዴ እስቅ ነበር፣ ይኸው ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ነው፣ መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቆሟል፣ ቆርቆሮው በቀትር ፀሐይ ይንጣጣል፣ ውጭ ድንበሩን ወደ ጋላባት የሚሻገር ከባድ መኪና ጡሩንባውን ይነፋል፣ ዝም በል አንተ፣ ዝም በል፣ ትንሽ ድምፅ ቢያወጣ በምን እሰማዋለሁ።

አደርቃለሁ። ጀርባውን አሻለሁ። አፉን እጠርጋለሁ። ምንም።

አምጪው።

ሲስተር አሰበች ናቸው፣ እትብቱን ቆርጠው እጃቸውን ዘርግተዋል፣ እኔ ፊደል ሳልቆጥር በዚህ ቆላ ሲያዋልዱ የነበሩ ሴት፣ ከኮሌጅ ስመጣ ጓንት አጠላለቅ እንኳ በወጉ የማያውቀውን እጄን ይዘው ያስተማሩኝ፣ አንቱ የምላቸው ሰው አምጪ ሲሉኝ እምቢ የሚል እጅ አልፈጠረብኝም፣ እሰጣቸዋለሁ። እግሮቹን ይዘው ይዘቀዝቁታል። ጀርባውን ቸብ ያደርጉታል። ደግመው ቸብ። ጭንቅላቱ ወዲያ ወዲህ ይላል።

አይዘቀዘቅም፣ አይመታም። እንዲህ ነበር ያለን፣ አንዱ ሠልጣኝ እጁን አውጥቶ እኛ እኮ ስንቱን በጥፊ አስለቅሰናል ሲለው፣ ባህሩ ቀስ ብሎ፣ እነሱማ ባትመቷቸውም ያለቅሱ ነበር፣ ማልቀስ ያቃተው ልጅ ግን እናንተ ስትመቱት ጊዜው ያልፍበታል አለ። ስመለስ ለሲስተር ነገርኳቸው እኮ፣ ነገርኳቸው፣ ሳቁብኝ፣ በአሻንጉሊት ነው የሠለጠናችሁት? አሉ፣ አሻንጉሊት አይሞት፣ ምን ያስቸግራል፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ።

ስጡኝ ሲስተር።

ቆይ አንቺ።

እንዲህ አይደለም፣ ስጡኝ፣ አልኩ ወይስ ጮኽኩ፣ እጃቸውን ገፋሁ፣ የሲስተር አሰበችን እጅ ገፋሁ፣ ልጁን ቀማኋቸው፣ መጂዳ አየች፣ ያ አላህ፣ ምን እያደረጋችሁት ነው፣ ልጄን ምን እያደረጋችሁት ነው ትላለች፣ አትይ እህቴ፣ ወደዚህ አትይ።

ጠረጴዛ። አምቡ ባጉ አለ፣ ትንፋሽ መስጫው ኳስ፣ ከስልጠናው ወዲህ ሴት አልጋ ላይ በወጣች ቁጥር አውጥቼ የማስቀምጠው፣ ጽዳቷ እንኳ ደግሞ ኳስሽን አወጣሽ የምትለኝ። ጭንብሉ አፍንጫና አፉ ላይ። እጨምቃለሁ። ደረቱ አይነሳም። እጨምቃለሁ፣ አየሩ በጉንጩ በኩል ፊስ ብሎ ይወጣል፣ የአሻንጉሊቱ ፊት ደረቅ ነበር፣ ይህ በደምና በቅባት ያዳልጣል፣ ጭንብሉ አልይዝ ይላል፣ የአሻንጉሊቱ ደረት ቷ እያለ ይነሳ ነበር፣ ባህሩ ጎበዝ አገኘሽው ብሎኝ ነበር፣ ምኑ ነው ጎበዝ፣ ምኑ ነው፣ ሰርተፊኬቱ የት ይገባል አሁን፣ ገፍቼ ነጥቄ፣ ልጁ እጄ ላይ ሊቀር፣ እሳቸው እጅ ላይ ቢሆን እኮ የእግዜር ሥራ ይባል ነበር፣ እኔ እጅ ላይ ከሆነ ግን፣ ተይ። ተይ አሁን።

ደረት ካልተነሳ አትደንግጡ፣ ምን እንደጎደለ ፈልጉ። ዞር ስንል የአሻንጉሊቱን አንገት ሆን ብሎ ያጣምምብን ነበር፣ ፈልጉ እያለ። ጭንብሉ? ጭንብሉን እጫናለሁ። አንገቱ? አንገቱ ወድቋል፣ ግን ሁለት እጄም ተይዟል፣ ሦስተኛ እጅ ከየት ላምጣ።

አንድ እጅ ከጎኔ ይመጣል። ሲስተር ሊቀሙኝ ነው። አይደለም፣ ሁለት ጣታቸውን እትብቱ ሥር አሳርፈው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ልቡ አለ ይላሉ፣ ቀርፋፋ ነው እንጂ ይመታል፣ በይ አይዞሽ፣ ራሱን እንዴት ልያዝልሽ?

ቀና፣ በትንሹ፣ ሽታ እንደሚያሸት ሰው። እንዲህ? ትንሽ መለስ ያድርጉት። እንዲህ? አዎ።

እጨምቃለሁ።

ተነሳ። ደረቱ ተነሳ። ቷ አይልም፣ ዝም ብሎ ነው የሚነሳው፣ ዝም ብሎ ይወርዳል፣ እንደገና፣ እንደገና፣ ሲስተር ልቡ ፈጠነ ይላሉ፣ ከንፈሩ ቀላ ልበል ወይስ ዓይኔ ነው፣ አላምንም፣ አላቆምም፣ እጁ ታጠፈ፣ ሳል የመሰለ ነገር አወጣ፣ ፊቱን ጨማደደ፣ በጣም ተናዶ፣ እኔ ላይ ተናዶ፣ አለቀሰ። ቀጭን ናት ድምፁ። ከዚያ በኋላ ግን ቀጭን አልነበረችም። መጂዳ አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ እያለች እጇን ትዘረጋለች፣ ደረቷ ላይ አስተኛዋለሁ፣ ባልየው አሚን ከበሩ ውጭ ስሟን ይጠራል፣ ሸሕዲ ሆስፒታል ይታይ እላለሁ፣ አምቡላንስ ይጠራ፣ ገና አላመንኩትም፣ ትንፋሹን ደጋግሜ አያለሁ።

የሲስተር አንጓ ላይ የጥፍሬ ምልክት ቀልቷል። ይቅርታ ያድርጉልኝ ሲስተር። ጓንታቸውን ያወልቃሉ፣ ይታጠባሉ፣ በረንዳ ላይ ሌላዋ ምጧ ፋፍሟል ይላሉ፣ ያን ኳስሽን አጽጂውና ለእኔ ስጪኝ፣ እኔ ልያዘው፣ አንቺ አጠገቤ ቁሚ፣ ስሳሳት ንገሪኝ፣ ብቻ አትግፊኝ፣ በአፍሽ ንገሪኝ።

በአፌ። መግፋቱ ይሻለኝ ነበር፣ መግፋት ሳያስቡት ነው፣ በአፌ እንዴት ብዬ፣ ሲስተር እንዲህ ቢያደርጉት፣ አይሆንም፣ ለስለስ ስል ጊዜው ያልፋል፣ ሲስተር ተሳስተዋል፣ ኧረ በምን አፌ፣ ባህሩ ይህንን አላሳየንም፣ ሴትዮዋን ደግፈው እያስገቧት ነው፣ እኔ እቃውን እያጠብኩ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ፣ ድምፅ ሳላወጣ፣ ተሳስተዋል፣ ተሳስተዋል ሲስተር፣