የቀረው ሥር

ታምሩ አዋሳ መናኸሪያ አጠገብ ባለች አንዲት ክሊኒክ ጤና ረዳት ሆኖ ሲሠራ አሥራ ሦስት ዓመት ሞላው። ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፣ የወባ ክኒን ያድላል። ጥርስ መንቀሉ ግን ማንም ሳይመድበው ላዩ ላይ የወደቀ ሥራ ነው። ድሮ ይነቅል የነበረው ሰው ወደ ሌላ አገር ሲዛወር ጉጠቶቹን በጨርቅ ጠቅልሎ አስረከበውና፣ ክንድህ ጠንካራ ነው፤ ትለምደዋለህ ብሎት ሄደ። እውነትም ለመደው። ጉንጫቸውን በጨርቅ አስረው ከቱላ የሚመጡ ገበሬዎች በሲዳምኛ የሚያነጋግራቸው እሱ ስለሆነ ሌላውን አልፈው ወደ እሱ ይገባሉ። ዶክተር ይሉታል። መጀመሪያ ሰሞን ዶክተር አይደለሁም እያለ ያርማቸው ነበር፤ በኋላ ሰለቸውና ተወው።

በ1977 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል የክሊኒኩ ኃላፊ አቶ ገብረየስ በሩ ላይ አንድ ማስታወቂያ ለጠፉ። አዲስ አበባ የጥርስ ሕክምና ለሁለት ዓመት የሚያስተምር ትምህርት ቤት ተማሪ ሊቀበል ነው። አሥራ ሁለተኛን የጨረሱ ወጣቶች ይወዳደራሉ፤ ከአሥር ዓመት በላይ ያገለገሉ ጤና ረዳቶችም ዕድሜያቸው ሳይታይ መፈተን ይችላሉ። ፈተናው ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ እንግሊዝኛና የእጅ ሥራ ነው። ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያላመጣ አይፈተንም።

ታምሩ ማስታወቂያውን ሦስቴ አነበበው። የሥራ ጓደኞቹ ደመወዝ አምሮት መሰላቸው። እሱን ያስነሳው ሌላ ነገር ነበር።

ባለፈው ዓመት ወይዘሮ ሸዋዬ የሚባሉ የሰፈሩ ሴት የታች መንጋጋቸውን ታመው መጡ። የመምህር ሚስት ናቸው፤ በቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ስለሆኑም ሰው ሁሉ ያከብራቸዋል። ታምሩ ጥርሱን ሲስበው ቀጭ ብሎ ተሰበረና ሥሩ ድድ ውስጥ ቀረ። ቢቆፍር ቢቆፍር አላገኘውም። ሴትዮዋ ደከሙ፤ እሱም ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ ቁስሉን በጥጥ ጠቅጥቆ ሸኛቸውና ለአቶ ገብረየስ የሆነውን ተናገረ። እሳቸው ሥሩ ራሱ ገፍቶ ይወጣል፣ አንተ ብቻ አፍህን ያዝ አሉት። በአምስተኛው ቀን የወይዘሮ ሸዋዬ ፊት አብጦ አፋቸው አልከፈት አለ። ሆስፒታል ወስደው አገጫቸውን ከሥር ቀደው መግሉን አፈሰሱላቸው፤ ከሞት የተረፉት ለጥቂት ነው። ክሊኒኩ ካርዳቸው ላይ የጻፈው ግን በሽተኛዋ ቆይተው ስለመጡ አመርቅዞ ነው የሚል ነበር። እሳቸውም ይህንኑ አመኑ። መንገድ ላይ ታምሩን ሲያገኙት ቆመው የቤተሰቡን ደኅንነት ይጠይቁታል። ያ ሰላምታ ከስድብ ይብስበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ጉጠት ሲይዝ እጁ እንደ ድሮው አይታዘዘውም።

ስለዚህ ለመፈተን ቆረጠ። አስተማሪ የሆነችው የገዛ ልጁ ታቢታ ናት፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ጨርሳ ለክረምት ዕረፍት ቤት ነበረች። የሚጸልዩበት የወንጌላውያን ጸሎት ቤት በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ የእሑድ ጠዋታቸው ባዶ ሆኖ ስለነበር ለትምህርቱ የተመቸው እሱ ነው። ታቢታ በትምህርት ላይ ምሕረት የላትም። አንቱታዋን ሳትለቅ ነው የምትቆጣው፤ "አባባ፣ ትናንት የነገርኩዎትን ዛሬ ረሱት፤ ደብተርዎን አልከፈቱም ማለት ነው" ትለዋለች። ታምሩም እንደ ተማሪ አንገቱን ይደፋል። ባዮሎጂው ቀስ በቀስ ገባለት። ኬሚስትሪውን በሽምደዳ ያዘው። እንግሊዝኛው ግን አሻፈረኝ አለ፤ አንዱን ቃል ሲይዝ ሌላው ያመልጠዋል።

ለእጅ ሥራው ፈተና ከጠመኔ ጥርስ መቅረጽ ይጠየቃል ሲባል ሰምቶ ነበር። ጠመኔ ስላልተገኘ ከቀበሌ ሱቅ በራሽን የመጣውን የልብስ ሳሙና በምላጭ ይቀርጽ ጀመር። ሚስቱ አባይነሽ ገና ልብስ ሳይነካው ሳሙናው አለቀ ብላ ብታጉረመርምም ፍቅፋቂውን እየለቀመች ታጥብበታለች። በመቅረጹ በኩል ግን ማንም አይስተካከለውም፤ አባቱ አናጢ ነበር።

አንድ እሑድ ታቢታ በመጽሐፍ ላይ ያለ ሥዕል ስታስረዳው፣ የጥርስ ውስጡ ክፍት ነው ስትል አላመናትም። በማግስቱ ከነቀላቸው ጥርሶች አንድ ትልቅ መንጋጋ አምጥቶ ብረት በሚቆርጥ መጋዝ ለሁለት ሰነጠቀው። ታቢታ መጀመሪያ ፊቷን አዞረች፤ ከዚያ እሷም ጎንበስ አለች። ከመሐሉ ተነስቶ በሁለቱ ሥሮች ውስጥ የሚወርድ እንደ ክር የቀጠነ ቀዳዳ ነበረ። ሥሮቹ ቀጥ ያሉ አይደሉም፤ ጫፋቸው ወደ ኋላ ተቆልምሟል። ታምሩ ብዙ ሺህ ጥርስ ነቅሎ አንድም ቀን ውስጡን አይቶ አያውቅም። በዓይነ ኅሊናው ያን ቀን ጉጠቱን በየት በኩል እንዳዞረው ታየው። የወይዘሮ ሸዋዬን ጥርስ የሰበረው ክፉ ዕድል ሳይሆን የእሱ አለማወቅ ነበር። ምሳ ሳይበላ ዋለ።

የቀበሌውን የድጋፍ ደብዳቤ ከሚጽፉት አንዷ ወይዘሮ ሸዋዬ ናቸው። ጸሎት ቤቱ በታሸገበት ሰው ላይ የቀበሌው ሰዎች ዓይናቸው ስለማይለይ ያለ እሳቸው ደጋፊ አያገኝም። ነገሩን ለሚስቱ ሲያዋያት፣ አባይነሽ መጀመሪያ ደብዳቤውን ውሰድ፣ ሌላውን ከአዲስ አበባ ስትመለስ ትነግራቸዋለህ አለችው። ታምሩ ሁለት ቀን አሰበበት። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ወደ ቤታቸው ሄደ።

ወይዘሮ ሸዋዬ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ወንበር አቀረቡለት፤ እሱ ግን ቆሞ ጀመረ። ጥርሱ እንዴት እንደተሰበረ፣ ሥሩ እንዴት እንደቀረ፣ ካርዱ ላይ የተጻፈው ውሸት መሆኑን አንዱንም ሳያስቀር ነገራቸው። እጃቸው ምስሩ ላይ ቀረ።

"ገብረየስ ያውቃል?"

"ያውቃሉ። የሰበርኩት ግን እኔ ነኝ።"

በጣታቸው አገጫቸው ሥር ያለውን ጠባሳ ዳሰሱ። "ደብዳቤ ስትፈልግ ነው እውነቱ የመጣልህ?"

"ደብዳቤውን ይዤ ከሄድኩ በኋላ ብነግርዎ አታልዬ ወሰድኩ ማለት ነው፣ እትዬ ሸዋዬ።"

ከቤቴ ውጣልኝ አሉት። ወጣ።

ሁለት ሳምንት ምንም ወሬ አልመጣም። የማመልከቻው ቀን ሊያልፍ ተቃረበ። አባይነሽ ነግሬህ ነበር ማለት እየቃጣት ትተወዋለች። ታቢታ ግን እንዳልሰማች ሆና እሑድ ሲመጣ ደብተሩን ትዘረጋለች፤ እሱም ይቀመጣል። ደብዳቤ እንደማያገኝ ልቡ ቢነግረውም የጥርስ ነገር እንደ ራብ ስለያዘው ማቆም አልቻለም።

የማመልከቻው ቀን ሊያልፍ አንድ ቀን ሲቀረው ከቀበሌ ተጠራ። ወይዘሮ ሸዋዬ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። ማኅተም የተመታበት ወረቀት አንስተው ጮክ ብለው አነበቡለት። ጓድ ታምሩ ለአሥራ ሦስት ዓመት ሕዝብ ያገለገለ ነው ይላል። ቀጥሎ እንዲህ ይል ነበር፤ "ባለማወቅ በሠራው ስህተት እኔ ራሴ ለሞት ደርሼ ነበር። ማንም ሳያስገድደው መጥቶ ጥፋቱን ነግሮኛል። ቢማር ሌላ ሰው እንደኔ አይሆንም።"

ታምሩ ይህን ያነበበ ፈታኝ ከትምህርቱም ከሥራውም ሊያስወጣው እንደሚችል ነገራቸው።

"ይችላል። ሌላ ደብዳቤ ግን አልጽፍም" አሉ። ወረቀቱን አጥፈው ሰጡት። ከዚያ ቀና ብለው አዩትና "እኔ ገና አልማርኩህም፣ ታምሩ። አንተ ግን ሂድና ተማር" አሉት።

አቶ ገብረየስ የደብዳቤው ወሬ ሲደርሳቸው ሰላምታ ነሱት። ታምሩ ሰላምታውን መስጠት አላቋረጠም።

አዲስ አበባ ላይ ከእሱ ጋር የተፈተኑት አብዛኞቹ ልጁን የሚያክሉ ነበሩ። አንዱማ ፈታኝ መስሎት ተነስቶ ቦታ ለቀቀለት። እንግሊዝኛው እንደፈራው ሆነ፤ ግማሹን ባዶ ተወው። ጠመኔው ሲታደል ግን እጁ ተረጋጋ። የታች መንጋጋ ቀረጸ፤ ሁለቱን ሥሮች ጫፋቸውን ወደ ኋላ ቆልመም አድርጎ አወጣቸው።

በቃለ መጠይቁ ላይ ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ነበር። መሐል ያሉት ሽበታም ሐኪም ደብዳቤውን አንብበው አጠገባቸው ለተቀመጠው አሳለፉ፤ እሱም አንብቦ ለሦስተኛው። ሽበታሙ ሐኪም ወደ ሰሌዳው አመለከቱና፣ ያን ቀን ያደረግኸውን ሥለህ አሳየን አሉት። ታምሩ ሣለ። ጉጠቱን እንዴት እንደያዘ፣ በየት በኩል እንደጠመዘዘ፣ ሥሩ የት ላይ እንደተቆረጠ አሳየ፤ ዛሬ ቢሆን የት ላይ አቁሞ በሽተኛዋን ወደ ሆስፒታል ይልክ እንደነበርም ተናገረ። ሌላ አልጠየቁትም።

ውጤቱ በመስከረም መጨረሻ በቴሌግራም መጣ። ካለፉት ሁሉ የመጨረሻው ሆኖ ገብቷል፤ እንግሊዝኛውን ከትምህርቱ ጎን ለጎን እንዲያሻሽል ማስጠንቀቂያ ተጨምሮበታል። ታቢታ ቴሌግራሙን አንብባ ስትጨርስ መጀመሪያ የጠየቀችው በእንግሊዝኛ ስንት አገኙ ብላ ነው። አባይነሽ ሳቀች፤ ቀጥላም አለቀሰች።

ሊሄድ የተነሳ ዕለት ጠዋት አንድ ሽማግሌ ከቱላ በእግራቸው መጥተው በሩ ላይ ጠበቁት። ክሊኒክ ሄደው አጥተውት ነው። አፋቸውን ከፍተው አሳዩት፤ የታች መንጋጋ ነው፣ ድዱ አብጧል። ታምሩ በሲዳምኛ፣ ይህን እኔ መንካት የለብኝም፣ ገና አልተማርኩም አላቸው። ሽማግሌው ተቆጡ። የወንድሜን ነቅለህ የለ ወይ፣ ጥርሴስ አንተ ተምረህ እስክትመጣ ሁለት ዓመት ይታገሠኛል ወይ ብለው ጠየቁ። ታምሩ፣ ሻሸመኔ ሆስፒታል አለ፣ እስከዚያ አብረን እንሄዳለን አላቸው። ሻንጣውን በአንድ እጁ፣ የሽማግሌውን ክንድ በሌላው ይዞ ወደ መናኸሪያ ወረደ፤ ታቢታ ስንቁን ይዛ ተከተለች።

ሽማግሌውን አጠገቡ አስቀምጦ እስከ ሻሸመኔ አብረው ሄዱ። መንገዱን ሙሉ እንደተቆጡ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነበር። ሻሸመኔ ላይ፣ ለሆስፒታሉ ሐኪም ጥርሱ በየት በኩል እንዳለና እብጠቱ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጽፎ የያዘውን ወረቀት ሰጣቸው። ወረቀቱን በኮታቸው ኪስ አስገብተው ወረዱ፤ ጥቂት ሄደው ዞር አሉና እጃቸውን አነሱለት። ታምሩም በመስኮት አነሳ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ የእንግሊዝኛ ደብተሩን አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ዘረጋው።