ጅቡቲ ላይ የዘለለችው ዳኮታ

ሰልማ ቁጭ ማለት አትችልም። ሲፈጥራት ነው። እየበላች ትነሳለች፣ እያወራች ትነሳለች፤ እናቷ በሕይወት ሳለች "ይቺን ልጅ ስወልዳት እንኳ አዋላጇ ሮጣ ነው የያዘቻት" ትል ነበር። አንድ ቦታ ብቻ ነው ረጋ የምትለው፦ አባቷ አብዱልመናን ጎንደር አራዳ ላይ ባለው የጨርቅ ሱቅ ጓዳ፣ ወንድሟ ኢምራን የሠርግ ቪዲዮ ያቀናብርበት ከነበረው ኮምፒውተር ፊት። ኢምራን አግብቶ ባሕር ዳር ሲገባ "ለሱቁ ይሁን" ብሎ ተወው። ጨርቅ ቤት ኮምፒውተር ምን ያደርግለታል? አቡጀዲ በማውዝ አይለካም። እናም ለሰልማ ሆነ።

እዚያም ቢሆን ተቀመጠች እንጂ አረፈች አይባልም። አንደኛው እግሯ ከጠረጴዛው ሥር ልብስ እንደሚሰፋ ሰው ይረግጣል፣ ጥፍሯን ትበላለች፣ ከስክሪኑ ጋር ትጣላለች።

የምትሠራው አውሮፕላን ማሻገር ነው። ሲሙሌተር የሚባል፣ ኮምፒውተር ላይ አውሮፕላን የሚያበሩበት ነገር አለ። ጨዋታ ነው ካላችኋት ትኮርፋለች። የድሮው ሲሙሌተር ሲያረጅ አዲስ መጣ፤ ለድሮው የተሠሩት አውሮፕላኖች ግን ለአዲሱ አልገጥም አሉ፤ ማሻገር ማለት እነሱን እያስተካከሉ ለአዲሱ ማስገጠም ነው። አንድ የውጭ አገር ሰው ዕድሜውን ፈጅቶ የሠራት፣ በኋላም "ውሰዷት፣ አድሷት፣ ብቻ አትሽጧት" ብሎ ለዓለም የለቀቃት ዳኮታ የምትባል የድሮ አውሮፕላን ነበረች። ሁለት ሞተር፣ ሁለት ፕሮፔለር፣ ጭራዋ መሬት የሚነካ፤ ሽማግሌዎቹ "አዘዞ ሜዳ ስታርፍ አይተናል" የሚሏት ዓይነት። ሰልማ ይቺን አሻግራለሁ ብላ ተነሳች።

ዳኮታዋ አዲሱ ሲሙሌተር ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ እስከ ጉልበቷ መሬት ውስጥ ሰጠመች። ፕሮፔለሮቿ ሲዞሩ ጥቁር ትሪ መሰሉ። አብራሪው ፊት ያሉት፣ ፍጥነትና ከፍታ የሚያሳዩት ሰዓቶች ሁሉ ሞተዋል፤ አንድም የሚንቀሳቀስ ቀስት የለም። ሰልማ ጎማዎቹን ከመሬቱ አወጣች፣ ቀለሙን አደሰች፣ ሰዓቶቹን ከሌሎች አውሮፕላኖች እየነቀለች ተካች። ከትምህርት ቤት ይዛው የወጣችው እንግሊዝኛ "ይህ ብዕር ነው" ከሚለው ብዙም የማያልፍ ቢሆንም፣ ስህተት ሲኖር የሚመጣውን ቀይ ጽሑፍ ግን ከማፍጠጥ ብዛት በቃሏ ይዛዋለች።

በመጨረሻ አንድ ነገር ቀረ። ዳኮታዋ አትነሳም። የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ የሆነውን የአዘዞን ሜዳ ሮጣ ሮጣ ሜዳው ያልቅና ጤፍ ማሳ ውስጥ ትገባለች። ሰልማ የሞተሩን ጉልበት የሚወስነውን ቁጥር ፈልጋ አገኘችና ጨመረች። አልበቃም። አሁንም ጨመረች። ዳኮታዋ ብድግ! ሰልማም ከወንበሯ ብድግ!

"ዋ! ሴት ማለት ይቺ ናት!" ብላ ጮኸች። ሱቁ ውስጥ ጨርቅ ይመርጡ የነበሩ ሰዎች ዞር ዞር አሉ።

ወዲያው አዲስ አበባ ላለው ሰውአገኝ ላከችለት። ሰውአገኝ ያረጁ ባለፕሮፔለር አውሮፕላኖችን ለአዲሱ የሚያሻግሩ ሰዎችን በቴሌግራም የሰበሰበ፣ ምላሱ የተሳለ ጎልማሳ ነው። አውሮፕላኑን ሞክሮ "ተቀብያለሁ" ካለ የቡድኑ አባል ሆኑ ማለት ነው፤ ሌላ አውሮፕላንም ይሰጣል። ሰልማ በዚህ ቃል ላይ ኑሮዋ እንደሚንጠለጠል ስትልክ አላወቀችም።

ያወቀችው እትዬ ሐዲጃ ከዛሪማ ስትመጣ ነው። እትዬ ሐዲጃ የአባቷ ታላቅ እህት ናት፤ ዛሪማ መንገድ ዳር ሱቅ አላት፣ ድምፅዋ ደግሞ ከሱቁ ይሰፋል።

"ይቺን ልጅ ስጠኝ አብዱልመናን። እዚህ ጓዳ ውስጥ ዓይኗን ከምታጠፋ ሱቅ ትጠብቅልኝ።"

ዛሪማ መሄድ ማለት ኮምፒውተሩን መተው ነው። ሰልማ አለቀሰች፣ አኮረፈች፣ ምሳ አልበላም አለች፤ ማታ ግን በላች። አብዱልመናን ከእህቱም ከልጁም መጣላት የማይወድ ሰው ስለሆነ እንደ ሽምግልና መሀል ገባ።

"ጨዋታ ከሆነ ጨዋታ ነው። የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው ካለ ግን ሥራ ነው። አክስትሽ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ትመለሳለች። ያ ሰው ከዚያ በፊት 'ተቀብያለሁ' ካለሽ ትቀሪያለሽ። ካላለሽ ከሷ ጋር ትሄጃለሽ። ቃሌ ነው።"

ዓርብ ደረሰ። አብዱልመናን ከጎረቤቶቹ ጋር መስጊድ ሄዷል፣ የሱቁ በር በግማሹ ተዘግቷል። በራፉ ላይ የእትዬ ሐዲጃ ዕቃ የሚጫንበት አይሱዙ ቆሟል። ሰልማ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ታነሳዋለች፣ ታስቀምጠዋለች፣ ገልብጣ ታየዋለች። ጮኸ።

"አንቺ ልጅ!" ሰውአገኝ ነው። "ይቺ ዳኮታ ናት ወይስ አንበጣ? የላክሁልሽን ቪዲዮ እዪው።"

አየችው። ዳኮታዋ ጅቡቲ አውሮፕላን ማረፊያ ቆማለች፤ ከኋላዋ ባሕር። ሞተሯ ሲነሳ ሳትንደረደር ዘለለች፣ በጭራዋ ቆመች፣ ከዚያ በጀርባዋ ዘጭ።

"እዚህ እኮ በሥርዓት ነው የምትነሳው!" አለች ሰልማ። "የጅቡቲ ሜዳ ነው የተበላሸው!"

"ሜዳው?" ሰውአገኝ ሳቁን ለቀቀው። "ሁሉንም አውሮፕላን መጀመሪያ የምንሞክረው እዚያ ነው፣ ከባሕር ጠረፍ። ሜዳው ላንቺ ሲል ዛሬ ተበላሸ? ለመሆኑ ከጎንደር ሌላ የት ሞክረሻታል?"

"ሌላ ቦታ ምን ልሠራ?"

"ጎንደሬ!" አለ፤ ስድብ ይሁን ምርቃት አልለየም። "ስሚ፣ የዘንድሮውን የአውሮፕላን ስብስብ ዛሬ እዘጋዋለሁ። ጅቡቲም ጎንደርም በሥርዓት ትነሳና እቀበላታለሁ። ካልሆነ ለከርሞ።"

ለከርሞ! ለከርሞ ሰልማ ዛሪማ ስኳር ስትመዝን ነው። ቁጥሩን ቀነሰች፤ ዳኮታዋ ጅቡቲ ላይ ረጋች፣ ጎንደር ላይ ጤፍ ውስጥ ገባች። ጨመረች፤ ጎንደር ተነሳች፣ ጅቡቲ ተገለበጠች። ቀነሰች፣ ጨመረች፣ እንደገና ቀነሰች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ይሄኔ ነው። መጨረሻ ላይ ወንበሩን ገፍትራ ወደ በራፉ ወጣች፤ አየር ያስፈልጋታል።

በራፉ ላይ ጠብ ነው። እትዬ ሐዲጃ ከሾፌሩ ጋር ተያይዛለች። ሾፌሩ ዳኛው ሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ ያለችው የድብ ባሕር ሰው ነው፤ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ የማኪናውን ጎማ በእግሩ መታ መታ ያደርጋል።

"አያ ዳኛው፣ እነዚህን ሁለት ጆንያ ስኳር ብቻ! ምን ይከብዳሉ?"

"ምነው እሜቴ፣ ለማኪናም እዘኑለት እንጂ! ይህ ማኪና እኮ ይተነፍሳል።"

"ባለፈው ዛሪማ ላይ ከዚህ የሚበልጥ ሰሊጥ ጭኖ እንደ ኮርማ ሲሮጥ በዓይኔ አይቻለሁ!"

"ዛሪማማ ቆላ ነዋ! አየሩ ወፍራም ነው፣ ሞተሩ ጠግቦ ይተነፍሳል። ደባርቅ አፋፍ ላይ አየሩ ስስ ነው። ያው ማኪና፣ ያው ሞተር፣ ያው እኔ፤ ግን አስም እንደያዘው ሽማግሌ ነው የሚያቃስት።"

ሰልማ ወደሱ ዞረች።

"አያ ዳኛው፣ ያው ሞተር?"

"ያው ሞተር። ምነው፣ ቀይሮታል ልትይ ነው?"

እሱ ይህን ሲል እሷ ወደ ጓዳ ሮጣለች። ሰልማ ጎንደር ተወልዳ ጎንደር ያደገች ልጅ ናት፤ ለሷ አየር ማለት የጎንደር አየር ነው። ከፍ ያለ አገር ላይ መሆኗን እንኳ አስባው አታውቅም፤ ማን የተቀመጠበትን ወንበር ከፍታ ይለካል? ዳኮታዋ ስሱ አየር ላይ ስትደክም ሞተሩ ሰነፈ ብላ በጉልበት ሞላቻት፤ ያቺው ዳኮታ ከባሕር አጠገብ ወፍራም አየር ስታገኝ ደግሞ አበደች። ሠሪው ሰውዬ መጀመሪያ የጻፈው ቁጥር ልክ ነበር። የሷ ጭማሪ ነው ጥፋቱ።

ቁጥሩን እንደ ጥንቱ መለሰችው። ጅቡቲ፦ ዳኮታዋ ተንደረደረች፣ ጭራዋን አነሳች፣ ቀስ ብላ ከመሬት ተላቀቀች። ሸጋ! ጎንደር፦ ሮጠች፣ ሮጠች፣ ጤፍ ውስጥ።

"ሻንጣሽ የታለ?" እትዬ ሐዲጃ ገባች። ከዚያ ስክሪኑን አየችው። "ይሄ ነው እንዴ ቀኑን ሙሉ የሚያስቀምጥሽ?"

"እትዬ፣ ትንሽ ብቻ፣ በአላህ።"

ደግማ ሞከረች። ዳኮታዋ እያጓራች ትሮጣለች። እትዬ ሐዲጃ አጎነበሰች። ሜዳው እያለቀ ነው። እትዬ ሐዲጃ የወንበሩን መደገፊያ ጨበጠች።

"አንሺያት! አንሺያት እንጂ! ኧረ ልትገባ ነው! ሱብሃነላህ!" ጤፍ ውስጥ ገባች። እትዬ ሐዲጃ ጭኗን መታች። "ጭነቱን አውርጂላት እንጂ አንቺ! ምን አስጭነሻት ነው እንዲህ የምትንገዳገድ?"

የሰልማ እጅ ኪቦርዱ ላይ ቆመ። ጭነት! የጭነቱ መጠን የሚጻፍበትን ገጽ አንድም ቀን አልከፈተችውም። ስትከፍተው ዳኮታዋ ከድሮው ሲሙሌተር ስትመጣ መንገደኛዋን ሁሉ አሳፍራ፣ ዕቃ ክፍሏን እስከ ጣሪያው ሞልታ ነው የመጣችው።

"እትዬ፣ ግንባርሽን ልሳመው!"

"ሳሚው በኋላ፣ አውርጂ በፊት!"

ከበሩ ዳኛው አንገቱን አስገብቷል። "እሰይ! ለአውሮፕላን ሲሆን ጭነት ይወርዳል፤ ለኔ ማኪና ሲሆን ሁለት ጆንያ ስኳር ይጨመራል።"

"አንተ ዝም በል፣ ልንነሳ ነው!" አለች እትዬ ሐዲጃ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

በግማሽ ጭነት ዳኮታዋ የሜዳውን ጫፍ ሳትነካ ተነሳች። ጤፉ ከሥሯ አለፈ። ዳኛው አጨበጨበ። እትዬ ሐዲጃ "አልሐምዱሊላህ" ብላ ቁጭ አለች፤ ከዚያ ምን እየሆነች እንደሆነ ትዝ ሲላት ነጠላዋን አስተካከለች።

ሰልማ "ጎንደር ላይ በግማሽ ጭነት" ብላ ጽፋ ላከችው። ኔትወርኩ ይጎተታል። ትነሳለች፣ ትቀመጣለች፣ ስልኩን ወደ መስኮት ታስጠጋለች፣ የሚመጣላት ይመስል ትነቀንቀዋለች። ከመስጊድ የሚመለስ ሰው ድምፅ መንገዱን ሞላው። አብዱልመናን በሩን ከፈተ።

"እ? አለሽ?"

"ገና ነው፣ አባባ።"

አባቷ ወደ እህቱ አየ፣ ወደ መሬት አየ። "እንግዲህ ሻንጣሽን አምጪ።"

ሰልማ ሻንጣዋን አነሳች። አልተከራከረችም፤ ቃል ቃል ነው፣ ስታምንበትም ባታምንበትም። የበሩን ደፍ ስትረግጥ ስልኩ ጮኸ፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ ከፈተችው።

"ጅቡቲ፣ እንደ ሙሽራ። ጎንደርም ግማሽ ጭነት ባልሽው ተነስታለች፤ ሙሉ ጭነት ሞከርኩልሽ፣ ጤፉን አጨድኩት። ተቀብያለሁ። ቀጣይዋ ባለ አራት ሞተር ናት። እግዜር ይሁንሽ።"

ሰልማ ጮኸች፣ ሻንጣውን ጣለች፣ አባቷ ላይ ተጠመጠመች። እትዬ ሐዲጃ ግን በራፉ ላይ ካለው የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጣ የነጠላዋን ጥለት ትጠቀልላለች።

"ለሱቁ ሰው አላጣሁም፣ አብዱልመናን" አለች በመጨረሻ፤ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሱቁ ጠበበ። "ማታ በሩን ስዘጋ የማወራው ሰው ነው ያጣሁት።"

ሰልማ አባቷን ለቀቀች። ልሂድ ልትል አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው።

"በል ተወው" አለች እትዬ ሐዲጃ እየተነሳች። "ቃልህን ሰጥተሃል። አውሮፕላኗ ስትነሳም በዓይኔ አይቻለሁ፣ አልዋሽም። አያ ዳኛው! ስኳሩ ይቅር፣ እንሂድ!"

አይሱዙው ጢሱን ለቆ ሄደ። አብዱልመናን ሱቁን ከፈተ። ሰልማ በራፉ ላይ ቆመች፣ ገባች፣ ወጣች፣ አንድ ጣቃ ጨርቅ አጥፋ ፈታችው።

"ቀረሽ እኮ፤ ምን ሆንሽ?" አላት አባቷ።

"ምንም። እግሬ ነው።"

ኮምፒውተሩ ፊት ሄደች። ዳኮታዋን ከአዘዞ በግማሽ ጭነት አስነሳችና አፍንጫዋን ወደ ሰሜን አዞረች፤ ዳባትን፣ ደባርቅን አልፋ፣ ከሊማሊሞ ገደል አፋፍ ወደ ቆላው ወረደች። ስልኩን አነሳች።

"እትዬ፣ የት ደረሳችሁ?"

"ገና አምባ ጊዮርጊስ ነን። ምነው?"

"እኔ ዛሪማ ደርሻለሁ።"

"ሱቄ ደህና ነው?"

"ሱቅሽም የለም፣ ዛሪማም የለችም። ጫካ ነው ያደረጓት። ሁለት ቆርቆሮ ቤት አለ፣ እሱም የማን እንደሆነ አላህ ይወቅ።"

"ምን ዓይነት ባለጌ ነው የሠራው! መስጊዱስ? ገበያውስ?"

"የለም።"

"እንግዲያ አንቺ ሥሪው! ጻፊ፤ በሬ ሰማያዊ ነው፣ ፊት ለፊቱ ትልቅ ዋርካ አለ፣ ከዋርካው ሥር የዐዚዛ ሻይ ቤት፣ እሷ እንኳ ብትቀርም ግድ የለም፣ ባለፈው አስቀይማኛለች፤ ቆይ ልንገርሽ ምን እንዳለችኝ። አንድ ቦታ አቁሚና ስሚኝ።"

"አውሮፕላን አየር ላይ ቆሞ አይሰማም፣ እትዬ።"

"እንግዲያ እየዞርሽ ስሚኝ!"

ሰልማ ዳኮታዋን ወደ ግራ አዘነበለችና ባዶው ዛሪማ ላይ መዞር ጀመረች። ዐዚዛ ያለችው ነገር ረጅም ነበር።