የሐሰት ይገባኛል

እና መርከቦቹ ለምን እንደቆሙ አልገባውም፣ ወታደሮቹን አሳፍሯል፣ ስክሪኑ ላይ ባሕሩን ጠቅ አድርጓል፣ ሞሮኮ ያቻት፣ አንድ ጣት ታክላለች፣ እነሱ ግን ወደቡ ላይ ተገትረው ቀርተዋል፣ አዴር ጊዜውን አቁመኸዋል እኮ ይለዋል ኩልሚዬ ከአጠገቡ፣ ረጅሙን ቁልፍ ተጫን። አዎ። ራሱ ነው ያቆመው። ቁልፉን ይጫናል፣ ቀኑ መቁጠር ይጀምራል፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ በፈረንጆች አንድ ሺህ አራት መቶ አርባ ስድስት፣ መርከቦቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ እሱም ጅጅጋ ውስጥ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጀሶ የተጠቀለለ ቀኝ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ፣ የፖርቹጋል ንጉሥ ነው።

ይሁን የሚባለው ይህ ሰው አርባ ስምንት ዓመቱ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በመንግሥት ቢሮ የሰው ኃይል ሠራተኛ ሆኖ ፋይል ሲያገላብጥ ጌም የሚባል ነገር ነክቶ አያውቅም፣ ወጣቶቹ በስልካቸው ሲጫወቱ ሲያይ ሥራ ፈት ሁላ ይል ነበር፣ አሁን ስክሪኑ ላይ ማንፓወር የሚለውን ቃል ያነብና ብቻውን ይስቃል፣ የሰው ኃይል፣ እዚህም ተከተለኝ፣ እዚህም አንሷል ይላል።

ሲጀምሩ፣ የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ኢትዮጵያን ስጠኝ ብሎት ነበር። አይሆንም አለው ኩልሚዬ፣ ሰው በራሱ አገር አይማርም፣ ይናደዳል፣ ፖርቹጋልን ያዝ፣ ጎረቤትህ አንድ፣ ጀርባህ ባሕር። ታሪክ የተማረ ነው ኩልሚዬ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ሲያጣ ባጃጅ የያዘ፣ ሠላሳ አንድ ዓመቱ። አዴር ይለዋል፣ በሱማሌኛ አጎቴ እንደማለት፣ ያውም አንተ እያለ፣ በቋንቋቸው አንቱ የለምና ይሁንን አይከፋውም። እግሩን የሰበረውም እሱ ነው። ማለት ባጃጁ። ማለት።

ተው። ካርታውን እይ።

ሽማግሌዎቹ ናቸው የላኩት። ይሁን ከሆስፒታል በወጣ በሳምንቱ አራት ሆነው መጡ፣ የኩልሚዬ ዘመዶች፣ ጺማቸውን ሂና የቀቡ፣ እስክትቆም ድረስ ልጅህ ነው አሉት፣ ያዘዝከውን ይሥራ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከሰዓት ፔርሙዝ ሻይ ይዞ ይመጣል፣ የግመል ወተት የገባበት፣ ባጃጁ ትራፊክ ፖሊስ ግቢ ቆሟል፣ መንጃ ፈቃዱ ተይዟል፣ የት ይሄዳል ታዲያ። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ግድግዳ ሲያዩ ነው የከረሙት፣ እግርህ እንዴት አደረ፣ ደህና ነው፣ ሻይ ልጨምር፣ ይበቃል። ከዚያ አንድ ቀን ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልሎ መጣ።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ነገ እናትአለም ትመጣለች፣ ሚስቱ፣ ሸደር የስደተኞች ጣቢያ ነርስ ናት፣ ሳምንቱን እዚያው ታድርና ዓርብ ዓርብ ትገባለች፣ ኩልሚዬም እሷ ሳትደርስ ይወጣል፣ አንዴ በር ላይ ቢገናኙ ሰላምታውን አልመለሰችለትም፣ ሰው ገጭቶ በሻይ መታረቅ የለም ትላለች፣ ፈቃዱን ይቀሙት፣ ነገ ሌላውን ይገድላል። ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ለእርቁ ለመጨረሻ ጊዜ ይመጣሉ። ሰኞ ፋይሉ ወደ ዓቃቤ ሕግ ይሄዳል። ፋይሉ ውስጥ የይሁን ቃል አለ፣ በገዛ እጁ የፈረመበት፣ በዜብራው ላይ በመሻገር ላይ ሳለሁ ይላል፣ አጻጻፉ ጥርት ያለ፣ የቢሮ ሰው አይደለ።

በዜብራው ላይ።

ጦርነት አውጅ የሚለው ላይ ጣቱን ሲያሳርፍ፣ ቆይ ቆይ አዴር፣ ምክንያት የለህም ይለዋል ኩልሚዬ፣ ባለፈው ያለ ምክንያት ገብተህ አገሩ በሙሉ አልነበር ያመፀብህ። እና ምን ላድርግ? ሰላይ ላክ፣ የይገባኛል ወረቀት ይሥራልህ። ማለት? ማለት ከተማዋ ድሮም የእኛ ነበረች የሚል ወረቀት ይፈበርካል፣ የሐሰት፣ ከዚያ ጦርነቱ ሕጋዊ ይሆንልሃል። የሐሰት? ሁሉም ይሠራዋል አዴር፣ ጌም ነው። ቢነቃበትስ? ቢነቃ ስምህ ትንሽ ይቀንሳል፣ ብዙም አይደል።

ይሁን ከስክሪኑ ዞር ብሎ ፊቱን ያያል፣ ነገር ይፈልግበታል፣ ሽሙጥ፣ አንዲት የከንፈር እንቅስቃሴ። ምንም። ኩልሚዬ ሻይ እየቀዳ ነው።

ያውቃል እኮ፣ ከእሱ በላይ ማን ሊያውቅ፣ መሪውን የያዘው እሱ፣ ፊት ለፊት ያየው እሱ፣ ዜብራው ሃምሳ ሜትር ወደ ላይ ነው፣ ይሁን ከቆመ አይሱዙ ጀርባ ነው የወጣው፣ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ፣ ግራ የለ ቀኝ የለ፣ ይሄ ሰው ይህን ሁሉ አይቶ አምስት ሳምንት ሻይ ይቀዳልኛል፣ ለምን አይናገረኝም፣ ዛሬ ይለኛል ነገ ይለኛል ስል ስንቱን ቀን አሳለፍኩ፣ ምናልባት ሊያባብለኝ ነው፣ ምናልባት ቅዳሜ ሰው ሁሉ ፊት ሊያዋርደኝ ነው፣ ቢያደርገውስ፣ ደግ አደረገ፣ ይበለኝ።

ሰላዩን ይልካል። ቁልፏን ሲጫን ዓይኑን ከኩልሚዬ ያሸሻል፣ ሼም ነው፣ ለጌም።

አዛን ይሰማል። ዓስር ደርሷል፣ ሰግጄ ልምጣ ይላል ኩልሚዬ፣ ጫማውን እየፈለገ፣ ጎረቤትህ ካስቲል ከመጣብህ ጊዜውን አቁመው፣ እኔ ሳልመለስ ምንም አትፈርም። ይወጣል።

ቤቱ ጭር ይላል። ንፋሱ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያንኳኳል፣ ቀኖቹ በስክሪኑ ጥግ ይቆጥራሉ፣ ሰላዩ የሐሰት ወረቀቱን እየሠራ ነው፣ ሃያ ከመቶ፣ ሃያ አምስት፣ ያን ዕለት ግን ስንት ሰዓት ነበር፣ ስድስት ተኩል፣ ለምሳ ሲወጣ፣ የቢሮው ቴሌግራም ጢን አለ፣ የሠራተኞች ድልድል ዝርዝር፣ ስድስት ወር የተጠበቀው፣ የሁሉንም ሰው ማስረጃ የሰበሰበው እሱ፣ የሁሉንም አገልግሎት ዘመን ያጣራው እሱ፣ ቡድን መሪ ከሚለው አጠገብ የገዛ ስሙን ሊያይ አወረደ፣ ነቢዩ ይላል፣ የትናንትናው ልጅ፣ ደብዳቤ መጻፍ ያስተማረው፣ ደግሞ አወረደ፣ ይሁን፣ ተራ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ፣ ባለሙያ፣ ባለበት። ባለበት የሚለውን ሦስተኛ ጊዜ ሲያነበው እግሩ አስፋልት ላይ ነበር። ከዚያ ጡሩምባ። ከዚያ ሰማይ።

ፖሊሱ ሆስፒታል ሲመጣ እናትአለም አልጋው ራስጌ ቆማ ነበር። ስልክ ይዘው ነበር እንዴ አለው። አልያዝኩም አለ። ምክንያቱም ያዝኩ ካለ ምን እያየህ ትለዋለች፣ ለእሷ ደግሞ ቡድን መሪነቱ አለቀ ደቀቀ፣ በእጄ ነው ብሏታል፣ ለእህቶቿ ሁሉ አውርታለች። አንዷን ውሸት ሊሸፍን ዜብራውን ጨመረ። ዜብራው ደግሞ የሰው እንጀራ ላይ አረፈ።

ሰባ ከመቶ። ሰማንያ።

ኩልሚዬ ይመለሳል፣ ለሶላት የታጠበበት የውዱዑ ውኃ ክንዱ ላይ ገና አልደረቀም፣ ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን ያያል፣ ማሻላህ፣ ወረቀቱ አልቋል አዴር፣ አሁን ማወጅ ትችላለህ። ቁልፏ በርታለች። ይሁን ጣቱን ወደዚያ ይወስዳል። ይመልሰዋል። ጊዜውን ያቆማል።

ኩልሚዬ።

አቤት አዴር።

ዜብራው ላይ አልነበርኩም።

ኩልሚዬ አይደነግጥም፣ አይቆጣም፣ ፔርሙዙን መሬት ያስቀምጣል። አውቃለሁ ይላል። ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ? ዝም አላልኩም፣ ለፖሊስ ተናግሬያለሁ፣ አንተ የቢሮ ሰው ነህ፣ ባጃጅ ነጂን ማን ያምናል፣ ሽማግሌዎቹም አትጨቅጭቀው፣ ሂድና ተቀመጥ አሉኝ። ተቀመጥኩ። መጀመሪያ መጀመሪያ ወላሂ ሻዩን ሳፈላ እየሰደብኩህ ነበር። አሁንስ? አሁንም አንዳንዴ።

ኩልሚዬ የፔርሙዙን ክዳን ያጠብቃል።

እኔም ፈጥኜ ነበር ይላል ኩልሚዬ ድንገት፣ ቀስ ብል ኖሮ አልስትህም ነበር ወይ እያልኩ አስባለሁ፣ አላውቅም፣ ስትወድቅ ስልክህን ያነሳሁልህ እኔ ነኝ፣ ክፍት ነበር፣ የስም ዝርዝር፣ ብዙ ስም፣ የሞቱ ሰዎች ስም መስሎኝ ነበር።

ይሁን ይስቃል፣ ሳቁ እግሩን ያመዋል፣ ከዚያ ይነግረዋል፣ ተራ ቁጥር አሥራ ዘጠኝን፣ ባለበትን፣ ለማንም ያላለውን። ኩልሚዬ አንዴም ሳያቋርጥ ይሰማል። አይዞህም አይለውም። ሲስተር ታውቃለች? ይለዋል ብቻ። አታውቅም። እንግዲያስ ለእኔ መናገርህ ምን ይጠቅመኛል አዴር፣ እኔ እዚያው ነበርኩ።

እውነት ነው። እሱ እዚያው ነበር።

ስልኩን ያነሳል፣ ነገ ስትመጣ ብነግራት፣ አይ፣ ነገ ፊቷን ሲያይ ይለዝባል፣ ያውቀዋል ራሱን፣ ይደውላል፣ ይጠራል፣ ይጠራል፣ እናትአለም ታነሳለች፣ ከኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል፣ ወረፋ የያዘ ሰው ይንጫጫል፣ ምን ሆንክ፣ እግርህ ነው? እግሬ አይደለም። ያዘጋጀው ነገር ሁሉ ይጠፋበታል፣ ስልክ እያየሁ ነው የገባሁት ይላታል፣ ልጁ አላጠፋም፣ ዜብራውን ፈጥሬ ነው፣ ድልድሉ ወጥቶ ነበር፣ እኔን ባለበት ብለውኝ። የተቋረጠ መስሎት ሁለቴ ሄሎ ይላል። አለሁ፣ ትለዋለች። ለዚህ ብለህ ነው? ለቡድን መሪነት ብለህ? ሕፃኑ ማልቀሱን ያቆማል። ይህን ሁሉ ሳምንት እኔ ያንን ልጅ ስረግም፣ ትላለች፣ ድምጿ ይሰበርና ተመልሶ የነርስ ድምፅ ይሆናል፣ አሁን አለ እዚያ? አለ። ስጠኝ እስቲ።

ስልኩን ያቀብለዋል። ኩልሚዬ በሁለት እጁ ይቀበላል፣ ብድግ ይላል፣ ወደ መስኮቱ ይዞራል። እሺ ሲስተር። አይ፣ ምንም አይደል። እሺ። ወላሂ ምንም አይደል ሲስተር። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ያዳምጣል፣ ይሁን ጆሮውን ያቆማል፣ የሚሰማው ንፋሱ ብቻ ነው፣ የኩልሚዬ ትከሻ አንዴ ከፍ ዝቅ ይላል፣ እያለቀሰ ነው ወይስ እየሳቀ፣ ጀርባ አይናገር።

ስልኩን ይመልስለታል። ምን አለችህ? ነገ እኔ ሳልመጣ እንዳትሄድ አለችኝ። ሌላስ? ሌላውን ለእኔ ነው ያለችው አዴር።

አይጠይቅም። መጠየቅ አይገባውም። ሰኞ በጠዋት፣ ፋይሉ ሳይወጣ፣ ትራፊክ ፖሊስ ጋ በክራንች ይሄዳል፣ ቃሉን ያስተካክላል፣ በሐሰት ቃል ይጠይቁት ይሆናል፣ ይጠይቁት፣ ከዚያ በፊት ግን ቅዳሜ አለ፣ ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ቀድሞ ይናገራል፣ በልቡ ይሞክረዋል፣ በጉዳዩ ላይ ቀደም ሲል የሰጠሁትን፣ አይ፣ እንደ ደብዳቤ አይደለም፣ ሳላይ የገባሁት እኔ ነኝ፣ ደግሞ ይለዋል፣ ሳላይ የገባሁት እኔ ነኝ፣ አጭር ነው፣ አንድ ትንፋሽ እንኳ አይሞላም።