ከፈረሱ ኮቴ ሥር

እልፍነሽ ሮም ውስጥ የምትሠራው አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ቤት ነው። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ የፋርስን ገደል ሲለካ የኖረ ነው፤ ቤቱ ከወንበር ይልቅ ድንጋይ ይበዛበታል። ሳሎኑ ውስጥ ትልቅ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፦ ገደል ላይ የተቀረጹ ሁለት ፈረሰኞች ፊት ለፊት ቆመው አንድ ትልቅ ቀለበት ይቀባበላሉ። ከአንደኛው ፈረስ እግር ሥር ደግሞ አንድ ሰው መሬት ላይ ተደፍቷል።

እሷ ታዲያ ፈረሰኞቹን ከቁብም አልቆጠረቻቸው። ዓይኗ የተደፋው ላይ ነው። አባቷ ቀኛዝማች ዓባይነህ የተሾሙ ዕለት እንዲሁ ነበር ያደረጉት፤ ግቢ ገብተው፣ መሬት ስመው፣ ካባ ደርበው ሲወጡ እልልታው ሰፈሩን አናወጠው። እሷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ካባውን ይዛ አልለቅ ብላ፣ "ተይ ልጄ፣ ወርቁ ይረግፋል!" ተብላለች። ወይ ያ ቀን! መሬት ሲስሙ የተነሡት ፎቶግራፍም ነበር። ደርግ ሲያስራቸው እናቷ አሰሳውን ፈርታ ምድጃ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ ወዲህ አቧራ ስትጠርግ የተደፋውን ታስቀድማለች። "እንዴት አደሩ አባባ?" ትለዋለች። አብዳለች በሏት፤ ሌላ ምን ነበራት?

በ1971 ዓ.ም. እህቷ ዘርፈሽዋል ጻፈችላት፦ "ለአባባ ስንቅ አታምጡ ተባልን።" ምን ማለት እንደሆነ ጠፍቷት አይደለም፤ ሌላ እስር ቤት አዛውረዋቸው ይሆናል እያለች ራሷን ስታታልል ከረመች።

በወሩ ፕሮፌሰሩ ቤቱን ሊለቅ ሆነ።

"አሎራ፣ እንግዲህ እልፍነሽ፣ የምትወጂውን ዕቃ ውሰጂ" አላት።

ፎቶግራፉን አሳየችው።

"ንጉሡን ወደድሽው?"

"ኧረ ፕሮፌሶሬ፣ ንጉሡ ምን ያደርግልኛል! ተሿሚውን ነው እንጂ። ይኸው መሬት ሲስም።"

ሽማግሌው ሳቀ። "ተሿሚውማ ፈረሱ ላይ ያለው ነው፤ አርዳሺር። ንግሥናውን ከአምላኩ እጅ ይቀበላል። ይሄ ከሥር ያለው የተሻረው ንጉሥ ነው፤ ፈረሱ እየረገጠው።"

"ሞቷል?"

"ሞቷል እንጂ!"

ሰማይ ተደፋባት። "አባባን! አባባን!" ብላ ወር ሙሉ ያፈነችውን ልቅሶ ለቀቀችው። ፕሮፌሰሩ ደንግጦ ውሃ አመጣላት፤ ሌላ ሥዕል ልስጥሽ ብሎ ለመናት።

"የለም፤ ይኸንኑ ነው የምፈልገው" አለች።

ክፍሏ ገብታ መቀስ አነሣች። ፈረሶቹን፣ ቀለበቱን፣ ፈረሰኞቹን ቆርጣ ጣለች። ከእንግዲህ ማንም እንዲቆምባቸው አልፈለገችም። አንዲት ኮቴ ብቻ ራሳቸው ላይ ገጥማ ነበር፤ እሷን ልቁረጥ ብትል ራሳቸውን ልትቆርጥ ሆነ።

መቀሱን አስቀመጠች።