ሾርባ የተከሰሰበት ሽፍታ

የካርቶን ፋብሪካው ሠራተኛ በሙሉ ያካል። ማሽኖቹ ቢቆሙ የማከኩ ድምፅ ብቻውን ሦስት ሰፈር ይቀሰቅስ ነበር። አንገቱ ቀይ፣ ብብቱ ቀይ፣ ወገቡ ቀይ፤ ጫኙማ ማጅራቱን ከመጋዘኑ በር ጋር እያሻሸ የበሩን ቀለም ጨርሶታል።

ጥፋተኛ ለማግኘት ግማሽ ቀን አልፈጀም፤ አብሳይዋ ተባለ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይህን ሁሉ ሆድ የሞላች፣ ስትቆጣ ድስት ራሱን የሚከድንላት፣ በዚህም መብረቅ የሚሏት ሴት፣ ረቡዕ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ቆማ የስንብት ደብዳቤዋ ሲፈረም ታያለች።

«ሾርባሽ ነው» አላት ሥራ አስኪያጁ። «የክሊኒካችን ድሬሰር የምግብ አለርጂ ነው ብሏል።»

«ማንን አስወልቆ አየና?»

ድሬሰሩ ጥግ ላይ ሆኖ ጉሮሮውን ጠረገ። ለመቶ ሃምሳ ሰው አንድ ዓይነት ቅባት ያደለው በመስኮት ነው፤ የማንንም ኮሌታ ገለጥ አላደረገም።

ከጎኑ የመብረቅ ታናሽ ወንድም ተቀምጧል፤ እሷው ለምና ያስቀጠረችው የእጥበት ክፍል ኃላፊ። ከቢሮ ሰው በቀር ሠራተኛው ሁሉ የሚለብሰው ቱታ ቅዳሜ እሱ ዘንድ ይታጠባል፣ ሰኞ ይታደላል። ከደብዳቤው ይልቅ ያንገበገባት የሱ ዝምታ ነበር።

«አንተ እንኳ ትንፍሽ አትልልኝም?»

«እትዬ፣ እኔ ምን አውቃለሁ ብለሽ ነው...»

ደሟ ፈላ።

«ጸሐፊዋ!» ብላ በሩ አጠገብ ወደተቀመጠችው ሴት ስትጮህ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። «ትናንት ሾርባ ስንቴ አስጨመርሽ?»

«ሁለቴ» አለች ጸሐፊዋ ዐይኗን ሰብራ።

«አሳከከሽ?»

«ኧረ በፍጹም!»

«እርስዎም ጌታዬ ሦስት ሳህን ጠጥተዋል፤ ቆዳዎ ግን እንደ ሙሽራ ያበራል። የምግብ ሽፍታ አውቃለሁ። ልጄ ዓሣ በልታ ስታብጥ ሰዓት አልፈጀም፤ ቅንድቧ ላይ፣ መዳፏ ላይ፣ ደስ ባለው ቦታ ወጣና ማታውን ጠፋ። ይሄኛው ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ከቦታው ንቅንቅ አላለም!»

ወጥታ ጫኙን በክንዱ እየጎተተች አስገባችው።

«አውልቅ።»

«እዚህ? ጸሐፊዋ ፊት?»

«አውልቅ አልኩህ!»

የቱታውን ላይኛ ክፍል አወለቀ። አንገቱና ብብቱ እሳት ነው፤ ካናቴራው የሸፈነው ደረቱ ግን የሕፃን ቆዳ ይመስላል።

«ሾርባ ካናቴራ ያከብራል እንዴ?» አለች መብረቅ።

ድሬሰሩ ተነሥቶ ጎንበስ አለ። «ጨርቁ ያሸው ቦታ ብቻ ነው የተቆጣው» ሲል አጉረመረመ።

እሷ የቱታውን እጅጌ ሥራ አስኪያጁ የውሃ ብርጭቆ ውስጥ ነክራ አሸችው። አረፋ ተነሣ፤ ብርጭቆውን ሞላ፣ ጠረጴዛውን አጥለቀለቀ፣ ደብዳቤውን አበሰበሰው።

ሁሉም ወደ እጥበት ኃላፊው ዞረ።

«አዲሱ ሳሙና ኃይለኛ ነው» አለ ወንድሟ። «ቱታው ሦስቴ መለቅለቅ ነበረበት። ቅዳሜ ኳስ ነበር... አንዴ ብቻ አለቀለቅኩት።»

«ጥፋቱ የሳሙናው መሆኑ መቼ ነው የገባህ?» አለችው እህቱ።

«ሰኞ። የኔም ክንድ ሲነድ።»

ሰኞ! ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ሾርባዋን እያየች ሲደፋ፣ «መርዘኛ» ሲላት፣ ወንድሟ ያውቅ ኖሯል።

«በቃ፣ ደብዳቤውን ትቼዋለሁ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ወደ ድስትሽ ተመለሽ።»

«የተሰደብኩት በአደባባይ ነው። ማይክሮፎኑን ያንሡ።»

አነሣ። ከማሸጊያ ክፍል እስከ ጥበቃው ቤት እየተሰማ፣ ጥፋቱ የአብሳይዋ እንዳልሆነ፣ ሳሙና እንደሆነ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ላቡ እየተንጠባጠበ ተናገረ።

«እትዬ፣ እኔን ደግሞ ያባርሩኛል። አንድ ነገር በይላቸው!» አለ ወንድሟ እየተከተላት።

«ያባርሩህ አያባርሩህ የነሱ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ቱታውን ሁሉ ታለቀልቃለህ። ቁጭ ብዬ እቆጥራለሁ።»

የዚያን ቀን ምሳ አልተበሰለም። መቶ ሃምሳ ሰው በካናቴራ እጥበት ክፍሉ በር ላይ ተሰልፎ እየራበው ሲጠብቅ፣ መብረቅ ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣ፣ ወንድሟን ቀና ብላ ሳታየው፣ ውሃውን ብቻ እያየች «አልጠራም፤ ድገመው» ትል ነበር።